ጃኮብ ሪስና የድኻው ፎቶግራፍ

መንገድ ላይ የተኛ ሰው ፎቶግራፍ ማንሣት ዛሬ ለማንም ቀላል ነገር ሆኗል። ሕፃን ታቅፋ የምትለምን ሴት፥ ቆሻሻ ላይ የሚጫወት ልጅ፥ በበሽታ የተጎዳ ሽማግሌ ሲታይ መሣሪያውን አውጥቶ ማንሣት ነው፤ የሚነሣው ሰው ይፈቅድ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንሺውን ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ቢሉት ችግሩን ለዓለም ለማሳየት ነው ይላል። ይህ መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰትም ሊሆን ይችላል። ነገሩ ከየት እንደ ጀመረ ለመረዳት የሚፈልግ ተማሪ የጃኮብ ሪስን የሕይወት ታሪክ ቢመለከት ብዙ ያገኛል። ሪስ የከተማ ድኾችን ኑሮ በፎቶግራፍ አንሥተው ለባለጸጎች ካሳዩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። በእርሱ ምክንያት ቤቶች ፈርሰዋል፥ ሕግ ወጥቷል፥ መናፈሻ ተሠርቷል። ያነሣቸውን ሰዎች ፈቃድ ስለ መጠየቅ ግን ብዙም የተጨነቀ አይመስልም፤ ይህንንም የምናውቀው ከጠላቶቹ ወሬ ሳይሆን ራሱ ከጻፈው ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጃኮብ ሪስ በ1849 በዴንማርክ አገር ሪቤ በምትባል ጥንታዊት ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን ለከተማይቱ ጋዜጣም ይጽፍ ነበር። በቤቱ ውስጥ ልጅ ብዙ፥ ገንዘብ ጥቂት ነበር። ከልጅነቱ ታሪክ አንዱ ኋላ ለሚመጣው ሁሉ እንደ መቅድም ሊቆጠር ይችላል። በሪቤ ድኾች ተጨናንቀው የሚኖሩበት አንድ ያረጀ ቤት ነበር፤ የከተማው ሰው በንቀት የቡትቶ አዳራሽ ይለው ነበር። ትንሹ ጃኮብ ለገና በዓል የተሰጠችውን ገንዘብ ይዞ ወደዚያ ቤት ሄደና ለድኾቹ ሰጠ። ነገር ግን እንዲያው አልሰጠም፤ ቤታቸውን እንዲያጸዱና ልጆቻቸውን እንዲያጥቡ በማለት በውል ነው የሰጠው። ልቡ ርኅሩኅ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ገና በዚያ ዕድሜው የሚሰጥ ሰው የሚያዝዝ ሰው መሆኑን ያውቅ ነበር።

አባቱ በትምህርት እንዲገፋ ቢመኝም ልጁ አናጢነትን መረጠና በኮፐንሃገን ሙያውን ተማረ። ወደ ሪቤ ሲመለስ ኤልሳቤጥ የምትባል የባለ ፋብሪካ ልጅ ወደደ፤ ጋብቻ ቢጠይቅም አልሆነም። ስለዚህ በ1870 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ በመርከብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በኪሱ ጓደኞቹ ያዋጡለት 40 ዶላር፥ በአንገቱ የኤልሳቤጥ ጠጉር የተቀመጠበት ትንሽ የወርቅ ማኅደር ነበር። አሜሪካ በዱርና በሽፍታ የተሞላች መስላው ስለ ነበር ኒውዮርክ እንደ ደረሰ ከገንዘቡ ግማሹን አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ። ሽጉጡን ታጥቆ በብሮድዌይ ጎዳና ሲንጎራደድ አንድ ፖሊስ አይቶት ቤትህ አስቀምጠው ብሎ መከረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የስደተኛ ሁሉ ታሪክ ነው። በፔንሲልቬኒያ በብረት ፋብሪካ ሠራ፥ ተወው፤ ፈረንሳይና ፕሩሲያ መዋጋት ጀመሩ ሲባል ለፈረንሳይ ልዝመት ብሎ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ፥ የሚቀበለው አጣ፤ ልብሱን ሸጠ፥ ተራበ፥ ደጅ አደረ። በዚያን ጊዜ ማደሪያ የሌለው ሰው በፖሊስ ጣቢያዎች ምድር ቤት በእንጨት ሳንቃ ላይ እንዲያድር ይፈቀድ ነበር። አንድ የዝናብ ሌሊት ሪስ ወደ ቸርች ስትሪት ጣቢያ ገባ። አንዲት ባለቤት የሌላት ውሻ ተከትላው ነበር፤ ውሻ አይገባም ስለ ተባለ ውጭ ቀረች። ሌሊት ሲተኛ የወርቅ ማኅደሩን ከአንገቱ ቆርጠው ሰረቁት። ጧት ለአዛዡ ቢያመለክት፥ እንዳንተ ያለ ወሮበላ ወርቅ ከየት ያመጣል፥ ሌባው አንተው ነህ ተብሎ ተገፍቶ ተጣለ። ውሻይቱ ጌታዋ ሲጎተት ብታይ የዘበኛውን እግር ነከሰች፤ ዘበኛውም በእግሯ አንሥቶ በደረጃው ድንጋይ ላይ ፈጠፈጣት። ሪስ ይህን ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኋላ ካሜራ ይዞ ወደ ድኾች ቤት የገባው ሰው ድኽነትን በመጽሐፍ ያወቀ ባለጸጋ አልነበረም፤ በዚያው ሳንቃ ላይ የተኛ ሰው ነበር። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላቸዋል፤ ድኻ የነበረ ሰው የድኻን ክብር አይነካም ብለው ያስባሉ። ነገር ግን ከመከራ የወጣ ሰው፥ እኔ ከወጣሁ አንተስ ምን ያዘህ ብሎ ሲቆጣ ያላየ ማን ነው? በሪስ መጽሐፎች ውስጥ ርኅራኄውና ቁጣው ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ካውያ እያዞረ ሸጠ፥ እያንዳንዱን ሥራ ሞከረ፥ በመጨረሻም በ1873 ዓ.ም. በአንድ የወሬ ድርጅት ጋዜጠኛ ሆነ። በብሩክሊን አንዲት ትንሽ ጋዜጣ በዱቤ ገዝቶ በትርፍ ሸጣት። ኤልሳቤጥም በዚህ ጊዜ ልቧ ተመልሶለት ስለ ነበር ወደ ሪቤ ተመልሶ በ1876 አገባት። ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ለጥቂት ጊዜ ሥዕልን በፋኖስ ብርሃን በሸራ ላይ አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ገዝቶ ለነጋዴዎች ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ይህ ሙያ ኋላ እንደሚጠቅመው ያን ጊዜ አላወቀም። በ1877 ዓ.ም. የትሪቢዩን ጋዜጣ የፖሊስ ወሬ ዘጋቢ አድርጎ ቀጠረው። ቢሮው በመልቤሪ ስትሪት ከፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር፤ ዙሪያውን ያለው ሰፈር ደግሞ በኒውዮርክ የታወቀው የድኾች ሰፈር ነው።

ያ ሰፈር ምን ይመስል እንደ ነበር መናገር ያስፈልጋል። ቴነመንት የሚባሉት የኪራይ ቤቶች አምስትና ስድስት ፎቅ ያላቸው፥ እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው የተሠሩ፥ ውስጠኛው ክፍላቸው መስኮት የሌለው ነበር። ከአውሮፓ በየቀኑ በመርከብ የሚወርደው ስደተኛ ሁሉ ወደዚያው ይገባል፤ የቤቱም ባለቤት አንዱን ክፍል ለሁለት፥ ሁለቱን ለአራት እየከፈለ ያከራያል። ሪስ ራሱ እንደ መዘገበው አሥረኛው ወረዳ በሚባለው የከተማው ክፍል በአንድ ካሬ ማይል 330,000 ሰው ይኖር ነበር። ሪስ ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጤና ጥበቃ ፖሊሶች ጋር እየገባ ያየውን ሁሉ ጻፈ። አሥር ዓመት ያህል ጻፈ። የሚያነበው ሰው ቁርሱን እየበላ አነበበ፥ ጋዜጣውን አጠፈ፥ ረሳው።

በ1887 ዓ.ም. አንድ ቀን ጧት ጋዜጣ ሲያነብ ከጀርመን አገር የመጣች አራት መስመር የማትሞላ ወሬ አየ። ማግኒዝየም የሚባለውን ብረት ዱቄት ከፖታሲየም ክሎሬት ጋር ቀላቅሎ በማቃጠል በጨለማ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት ተቻለ ትላለች። ሚተና ጌዲከ የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች ያገኙት ዘዴ ነው። ሪስ ወዲያውኑ ከጤና መሥሪያ ቤት ዶክተር ጆን ኔግል ዘንድ ሄደ። ኔግልም ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ሁለት ጓደኞቹን ሄንሪ ፒፋርድንና ሪቻርድ ሎውረንስን ጨመረ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሚዞር ቡድን ተቋቋመ።

የመጀመሪያው መብረቅ የሚተኮሰው ከሽጉጥ ነበር። አስቡት፤ እኩለ ሌሊት ላይ የማይታወቁ ሰዎች በር ከፍተው ወደ ጨለማ ክፍል ይገባሉ፥ ሽጉጥ ያወጣሉ፥ ከዚያም ዓይን የሚያጠፋ ብርሃንና ጭስ ይሆናል፥ ሰዎቹም ቃል ሳይናገሩ ወጥተው ይሄዳሉ። የሚኖሩት ድኾች በመስኮት እየዘለሉ በእሳት ማምለጫው ደረጃ ይሸሹ እንደ ነበር፥ ቡድኑም በደረሰበት ሁሉ ሽብር ይነዛ እንደ ነበር ሪስ በግለ ታሪኩ ውስጥ ጽፏል፤ የጻፈውም እንደ ቀልድ ነው። በኋላ ሽጉጡ ቀርቶ ዱቄቱ በመጥበሻ ላይ እንዲቃጠል ሆነ። መጥበሻ ከሽጉጥ ይሻላል። ይሁን እንጂ በመጥበሻም ሆኖ ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፥ አንድ ጊዜ የራሱን ልብስ አቃጥሏል።

ከቃጠሎዎቹ አንዱ ሊታለፍ የማይገባው ነው። በአንድ ቤት ሰገነት ላይ አምስት ዓይነ ስውሮች፥ ወንዶችና ሴቶች፥ ይኖሩ ነበር። ሪስ መብረቁን ሲያቃጥል በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ወረቀትና ጨርቅ ተያያዘ። ክፍሉ ከላይ ነው፥ ደረጃው ጠማማ ነው፥ ሰዎቹ አያዩም፤ መቃጠሉንም አላወቁም። ሪስ መጀመሪያ ሮጦ ለመጥራት አሰበ፤ ኋላ ግን ብቻውን አፍኖ አጠፋው። ወርዶ ለፖሊስ ሲነግረው ፖሊሱ ሳቀ፤ ያ ቤት ከመቆሸሹ የተነሣ እሳት አይበላውም አለው። ሪስ ይህን በመጽሐፉ አስገብቷል። ለዓይነ ስውሮቹ በዚያች ሌሊት ቤታቸው ሊቃጠል እንደ ነበረ ተነግሯቸው እንደ ሆነ አልጻፈም። ፎቶግራፉም ቢሆን እነርሱ ሊያዩት የማይችሉት ነገር ነበር።

ጓደኞቹ ሌሊት መዞሩ ሰልችቷቸው አንድ በአንድ ቀሩ። ባለሙያ ቢቀጥር ባለሙያው ፎቶግራፉን ከጀርባው ሊሸጥበት ሞከረ። ስለዚህ በ1888 መጀመሪያ ላይ በ25 ዶላር የራሱን ካሜራ ገዛና ለመለማመድ የከተማው ድኾች ወደሚቀበሩበት ወደ ሃርት ደሴት ሄደ፤ ሙታን እንደማይንቀሳቀሱ ያውቃልና። የመጀመሪያውን ሥዕል ብርሃን አብዝቶ አበላሸው። እጁ ለዚህ ሙያ የተፈጠረ እንዳልሆነ፥ ፎቶግራፍ አንሺ ተብሎ ሊመሰገን እንደማይገባው ራሱ ይናገር ነበር። ለእርሱ ፎቶግራፍ ማስረጃ ነው፤ የሚክድ ሰው አፉን የሚዘጋበት።

ማስረጃውም ሠራ። በባያርድ ስትሪት ያነሣውን ሥዕል የፎቶግራፍ ታሪክ የሚማር ሁሉ ያውቀዋል። ወርዱም ቁመቱም 13 ጫማ በማይሞላ ክፍል ውስጥ ወንድና ሴት አሥራ ሁለት ሰዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጨናንቀው ያድራሉ፤ የአንድ ሰው ቦታ የሌሊት ኪራይ 5 ሳንቲም ነው። አንዳንዶቹ በመብረቁ ተደናግጠው ዓይናቸውን ገና እየገለጡ ናቸው። በቃል ቢነገር የማይታመነው ነገር በዚህች አንዲት መስታወት ላይ ቀረ። ያች መስታወት ግን የሰዎቹን እንቅልፍ ሰርቃ የተገኘች ናት። ይህን መካድ አይገባም፤ እንዲሁም የክፍሉ ባለቤት ሪስ ፈቃድ ቢጠይቀው ምን ብሎ እንደሚመልስለት መገመት አያስቸግርም። በእኔ አሳብ ተከራዩና አከራዩ እዚህ ላይ ይለያያሉ። አከራዩን ሳያስፈቅዱ መግባት ጋዜጠኝነት ነው። የተኛውን ተከራይ ሳያስፈቅዱ ማንሣት ግን ምንም ያህል ጥቅም ቢያመጣ ዕዳ ነው፤ ዕዳውን ሪስ የሚያውቀው አይመስልም።

የሚነሣው ሰው ነቅቶ በነበረ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። በመልቤሪ ቤንድ አንድ ቡትቶ የለበሰ ሥራ ፈት በመሰላል እርከን ላይ ተቀምጦ ፒፓውን እያጨሰ፥ በዙሪያው ጨርቅ ለቃሚዎቹ ሲለፉ ደስ ብሎት ይመለከታል። ሪስ 10 ሳንቲም ልስጥህና ላንሣህ አለው። ሰውዬው በራሱ ነቅነቅ አድርጎ ተስማማ። ካሜራው ተዘጋጅቶ ሲያበቃ ግን ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ በኪሱ ከተተ፤ ፒፓው በውሉ ውስጥ የለበትም፥ እርሱም እንዲነሣ ከተፈለገ 25 ሳንቲም ያስከፍላል አለ። ፒፓው ከሸክላ የተሠራ፥ ሁለቱ በአንድ ሳንቲም የሚሸጥ ነው። ሪስ ምን ያድርግ፤ ከፈለ። በመጽሐፉም ይህን የሰነፎች አድማ ብሎ ቀለደበት።

ቀልዱ ያስቃል። ነገር ግን ስንመረምረው ብልሁ ማን ነበር? ሥራ ፈቱ የተረዳውን ነገር ብዙ የተማሩ ሰዎች አልተረዱትም። ፒፓ የያዘ ለማኝ ፒፓ ካልያዘ ለማኝ ይልቅ ለመጽሐፍ የሚያምር ሥዕል እንደሚሆን፥ ሥዕሉም ዋጋ እንዳለው፥ ዋጋውም የሚገኘው ከእርሱ መልክ እንደ ሆነ ዐውቋል። በሪስ መጽሐፍ ውስጥ ከተነሡት ሰዎች ሁሉ እንደ እኩያ ተከራክሮ የተነሣ ይህ ሰው ነው ለማለት ይቻላል። የጎዳና ልጆቹን ሥዕሎች ተመልከቱ፤ በመልቤሪ ስትሪት በአንድ ጥግ ተቃቅፈው የተኙ ባዶ እግራቸውን ያሉ ልጆች ናቸው። ሥዕሉ የተነሣው ግን በቀን ብርሃን ነው፤ ልጆቹ የተኙ መስለው የተቀመጡት ለካሜራው ነው። ልጆቹ በእውነት ደጅ ያድሩ ነበር፤ ሐሰቱ ኑሮአቸው ላይ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ላይ ነው። ይህ ትንሽ ሐሰት ነውን? አንባቢ ይፍረድ፤ እኔ ትንሽ ነው ለማለት አልደፍርም፥ አንድ ጊዜ የተፈቀደ እንደሆነ ድንበሩ የት ላይ እንደሚቆም አይታወቅምና።

ሥዕሎቹን ለሕዝብ ያቀረበው በመጀመሪያ በፋኖስ ብርሃን ነው። በጥር 1888 በኒውዮርክ የፎቶግራፍ ወዳጆች ማኅበር ፊት አሳየ፤ በየካቲት ደግሞ ሰን የሚባለው ጋዜጣ ከፎቶግራፎቹ በእጅ የተቀዱ ሥዕሎችን አተመ። ከዚያ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ እየዞረ አሳየ። እርሱ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን እንኳን በመጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር፤ ስለዚህ አገልግሎቱን ተወ። የተቀበሉት ግን በሸራው ላይ የሰው ቁመት አክሎ የሚታየውን ድኻ ሲያዩ ይጮኹ፥ ያለቅሱ፥ ሪስ ሲቀልድ ደግሞ ይስቁ ነበር። በታኅሣሥ 1889 ስክሪብነርስ መጽሔት ላይ ጽሑፉ ወጣ፤ በ1890 ደግሞ ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚኖር የሚል ስም ያለው መጽሐፉ ታተመ። ፎቶግራፍን በእጅ ሳይቀዱ በነጥብ ዘዴ በማተም ረገድ ከመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው።

የመጽሐፉን ስም ልብ በሉት። ሌላው ግማሽ የሚለው ማን ነው? የሚያነበው የመጀመሪያው ግማሽ ነው። መጽሐፉ ስለ ድኾች እንጂ ለድኾች አልተጻፈም። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡን በዘር በዘሩ እየከፈለ ለእያንዳንዱ ጠባይ ሰጥቶታል፤ ጣልያኑ እንዲህ ነው፥ አይሁዱ ገንዘብ ይወድዳል፥ ቻይናው የማይታመን ነው ይላል። ስለ ቻይናዎች የጻፈው በተለይ ለማንበብ የሚያሳፍር ነው። ፍርዱም የተደባለቀ ነው፤ ስለ ጥቁር ሕዝቦች ብዙ የንቀት ቃል ቢኖረውም፥ አከራዮች ለተመሳሳይ ቤት ከጥቁር ተከራይ የበለጠ ኪራይ እንደሚወስዱ በቁጥር አስረድቶ ገልጧል። ሱዛን ሶንታግ በ1977 ስለ ፎቶግራፍ ባወጣችው መጽሐፍና ከእርሷም በኋላ የመጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ሪስን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ ባለጸጋው ከወንበሩ ሳይነሣ ድኻውን የሚጎበኝበት ጉዞ አዘጋጀ ብለው። ነቀፋው ትክክል ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በወንበሩ የተቀመጠው ባለጸጋ ድምፅ የሚሰጥ፥ ግብር የሚከፍል፥ አንዳንዴም የዚያው ቤት ባለቤት ነበርና።

ሥዕሉ ያለ ቃል ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ የያዘው ሰው የፈለገውን ያናግረዋል። ይህን ለማወቅ እስከ ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልግም። በ1973 የወሎ ረሃብ ሲደበቅ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከቦታው ያመጡት ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ታየ፤ ተማሪውም ያየውን ይዞ ተነሣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በውጭ አገር ታየ። ያው ፊልም በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፥ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የተራበው ሰው አንድ ነው፥ ፊቱም አንድ ነው። አንድ ጊዜ እህል ለመለመን፥ አንድ ጊዜ መንግሥት ለመገልበጥ አገለገለ፤ በሁለቱም ጊዜ እርሱን የጠየቀው ሰው የለም።

ወደ ሪስ እንመለስ። መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ ቴዎዶር ሩዝቬልት ነበር፤ ወደ ሪስ ቢሮ መጥቶ ስላጣው፥ መጽሐፉን እንዳነበበና ለመርዳት እንደ መጣ የሚገልጽ ካርድ ትቶለት ሄደ። በ1895 ሩዝቬልት የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነሮች ሊቀ መንበር ሲሆን ሁለቱ ሌሊት ሌሊት በከተማው ይዞሩ ጀመር። በቸርች ስትሪት ጣቢያ ሪስ የራሱን ታሪክ ነገረው። በ1896 በፖሊስ ጣቢያ ያሉት ማደሪያዎች ሁሉ ተዘጉ፤ ሪስም የውሻይቱ ደም እንደ ተመለሰ አድርጎ ጻፈው። ከዚያ በፊት በ1891 የከተማው የመጠጥ ውሃ ከሚመጣበት ከክሮተን ወንዝ ዳር ካሜራውን ይዞ ሄዶ፥ መንደሮች ቆሻሻቸውን ወደ ውሃው ሲጥሉ አንሥቶ በጋዜጣ አወጣ፤ ከተማውም የወንዙን ዳር መሬት ለመግዛት ተገደደ። ይህ ሥራው ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ይመስለኛል፤ የተነሣው በደሉ እንጂ የተበደለው አልነበረምና።

መልቤሪ ቤንድ የተባለው የክፉ ክፉ ሰፈር ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ፈርሶ በ1897 መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። በምረቃው ቀን ሪስን የጋበዘው ሰው አልነበረም፤ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ሲመለከት የጽዳት ኃላፊው ኮሎኔል ዌሪንግ ስሙን ጠርቶ ሕዝቡ ሦስት ጊዜ እልል እንዲልለት አደረገ። ከዚያ በፊት ገና የተተከለውን ሣር ሊያይ ገብቶ ቢረግጥ አንድ ፖሊስ ከሣሩ ውረድ ብሎ በዱላ ጀርባውን አቅምሶት ነበር። በቤንድ ይኖሩ የነበሩት ድኾችስ ወዴት ሄዱ? ወደ ሌላ የኪራይ ቤት ነዋ። በ1901 የወጣው የኪራይ ቤቶች ሕግ ግን እያንዳንዱ አዲስ ክፍል መስኮት እንዲኖረው አስገደደ፤ ለዚህ ሕግ የታገሉት ብዙ ቢሆኑም የሪስ ሥዕሎች ያላዘጋጁት ሰው አልነበረም።

በ1892 ስለ ድኾች ልጆች ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ ኬቲ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥዕል አለ። እናቷ ሞታ አባቷ ሌላ ሚስት ስላገባ፥ ልጆቹ ለብቻቸው ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ ታላላቆቿ ፋብሪካ ሲሠሩ ቤቱን የምትይዘው እርሷ ናት። ሪስ በምትማርበት ትምህርት ቤት ሥራሽ ምንድር ነው ብሎ ጠየቃት፤ እየፈገፈግሁ ወለል አጥባለሁ ብላ መለሰችለት። ላንሣሽ ሲላትም ምንም ሳትል ቆመች። በጡብ ግድግዳ ፊት፥ በቀን ብርሃን፥ እጇን አጣምራ ቀጥ ብላ ታያለች። መብረቅ የለም፥ ሽሽት የለም፥ ስሟም ተጽፏል። ሪስ ይህን መንገድ አዘውትሮ ቢሄድበት ኖሮ የሚነቅፈው ባነሰ። ይህን መንገድ አጥብቆ የያዘው ከእርሱ በኋላ የመጣው ሉዊስ ሃይን ነው። ከ1908 ጀምሮ በፋብሪካ የሚሠሩ ልጆችን ሲያነሣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን እየጠየቀ ይጽፍ ነበር፤ ቁመታቸውንም በኮቱ ቁልፍ ይለካ ነበር። በፋብሪካው በር ግን እርሱም ዘበኛውን እያታለለ ነው የሚገባው።

ሪስ በመጨረሻው ዘመኑ የታወቀ፥ የተከበረ፥ የደከመም ሰው ሆነ። በ1901 ግለ ታሪኩን አሳተመ። ኤልሳቤጥ በ1905 ሞተች፤ በ1907 ሌላ ሚስት አገባ። ገንዘብ የሚያገኘው በየከተማው እየዞረ በማስተማር ስለ ነበር ልቡ ታሞ እንኳ አላረፈም። በግንቦት 1914 በማሳቹሴትስ ግዛት ባር በምትባል መንደር በእርሻው ቤት ሞተ።

ፎቶግራፎቹን ማንም አልጠየቀም። እርሱም ለሥራው ካገለገሉ በኋላ ብዙ ዋጋ አልሰጣቸውም ነበርና በድሮው ቤቱ ጣሪያ ሥር ተረስተው ቀሩ። በ1940ዎቹ አሌክሳንደር አላንድ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ አጥብቆ ስለ ፈለጋቸው 412 የመስታወት ኔጋቲቮች ተገኙ፤ በኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ገብተውም በ1947 ለሕዝብ ታዩ። አላንድ በጥሩ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ ስላተማቸው ሪስ ራሱ ካሳየው ይልቅ አምረው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሪስ አርቲስት ይባል ጀመር። ኋላ ሲመረመር ደግሞ በእርሱ ስም ከሚታወቁት ሥዕሎች አንዳንዶቹን፥ የወንበዴዎች ማደሪያ የሚባለውን ዝነኛውን ሥዕል ጭምር፥ ያነሡት ሎውረንስና ፒፋርድ ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። የአንሺዎቹ ስም እንዲህ በጥንቃቄ ተመርምሯል። በባያርድ ስትሪት በአምስት ሳንቲም ያደሩት የአሥራ ሁለቱ ሰዎች ስም ከሥዕሉ ሥር የለም።